ቁልፉን ማኅደር ያስገባሁ ዕለት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ንፋስ መውጫ ላይ መኪና የሰረቀ ሌባ በየት በኩል ይወጣል? ወደ ደብረ ታቦር ልሂድ ቢል መንገዱ አንድ ነው፤ ወደ ወልድያ ልሂድ ቢልም ያው መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ እያንዳንዷን መኪና ከነጭረቷ የሚያውቅ ሕዝብ ተቀምጧል። ሌባው መሪውን ጨብጦ ሁለተኛው ሱቅ ሳይደርስ "የመምህሩን መኪና ወዴት ይዘሃት ነው?" የሚለው አይጠፋም፤ ቀጥሎም "እንግዲያው እግረ መንገድህን አድርሰኝ" ይለዋል። እዚህ አገር መኪና መስረቅ የሚችለው መንደሩን በሙሉ አሳፍሮ ለመሄድ የተዘጋጀ ሌባ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አሳምሬ አውቃለሁ። አዲስ አበባ መኪና ልገዛ የሄድኩ ዕለት ግን ለሻጩ ያቀረብኩለት የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ሞተሯም ስለ ጎማዋም አልነበረም። "ሌባ ይችላታል ወይ?" ነው ያልኩት። ሻጩ ሳቀብኝ። የቁልፉን ፕላስቲክ ራስ አሳይቶኝ እዚህ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር አለች፣ መኪናዋ እሷን ካላወቀች ሞተሩ አይነሳም፣ ሌባ ቀርቶ የሠራት ሰው ቢመጣ አይነሳም አለኝ። ሁለተኛው ቁልፍ የት እንዳለ ስጠይቀው ጠፍቷል አለ፤ እኔም ጭራሽ ደስ አለኝ፤ ቁልፍ ባነሰ ቁጥር ሌባ የሚያንስ መስሎኝ። "አይነሳም" የሚለውን ሰምቼ ረካሁ። ለማን እንደማይነሳ አጣርቼ አልጠየቅሁም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ ግን አጥሬን ራሴው ስነቀንቅ ከረምኩ። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ በዕረፍት ሰዓት ባልደረቦቼን ሰብስቤ እወጣና የመኪናዋን መስኮት በመዳፌ መታ አደርጋለሁ፤ እሷም ትጮኻለች፤ እኔም አያችሁ እላለሁ። ሁለት ወር ሙሉ አይተዋል። በሦስተኛው ወር ስወጣ የሚከተለኝ ጠፋ።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ፤ ነገሩ የእሳቸው ነውና። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ገብሱን ከስንዴው በእጃቸው ዳስሰው መለየት ከጀመሩ ቆይተዋል። እሱ ብዙም አልከበዳቸውም። የከበዳቸው ሌላ ነው። "ሰው ደኅና ዋልህ ሲለኝ ማን መሆኑን ሳላውቅ እግዜር ይመስገን ማለት ሰለቸኝ" ይላሉ። ከጎረቤታቸው ከአያ ተገኘ ጋር እኩያ ናቸው፤ የእሳቸውም ዓይን እንዲሁ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ተያይዘው ነው፤ አንዱ ሌላውን እየመራ ሁለቱም ሰው አጥር ውስጥ ይገባሉ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ደብረ ታቦር መጡ ተባለ። ሲከፈት ሲዘጋ የከረመው መንገድም በዚያ ሳምንት ክፍት ነበር። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሕመምተኞቹን መዝግባ ሚኒባስ አዘጋጀች። አባቴ ተራቸው በመጨረሻው ቀን ሆነ፤ ወረቀትም ወንበርም ተሰጣቸው። አያ ተገኘ ወረቀት ደረሳቸው፣ ወንበር ግን ሞላ። ልጅቷ ለሁሉም አስረግጣ ነግራለች፦ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ያልደረሰ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል፤ የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ እሷም አታውቅም።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁበት። ስልክ ደወልኩና መኪና ያለው ልጅ እያላቸው አባቴ ከሰው ጋር ተጣበው አይሄዱም፣ ወንበራቸውን ለሌላ ስጪው አልኳት። እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሁለት ጊዜም ኮራሁ። ወንበሩ ለአያ ተገኘ ተሰጠ።

ቁልፉን ያበላሸሁትም ለዚሁ ክብር ስል ነው። የፕላስቲክ ራሱ ተሰንጥቆ በፕላስተር ታስሮ ነበር፤ አባቴን በተሰነጠቀ ቁልፍ ላጓጉዝ ነው ወይ ብዬ ተቆጨሁ። አባቴ ቁልፉን እንደማያዩት ትዝ አላለኝም። እዚሁ አካባቢያችን ካለው የቤተ ልሔም ገዳም አጠገብ ለተማሪና ለካህን የዳዊት ማኅደር የሚሰፉ አንድ ቆዳ ሠሪ አሉ፤ ሰው ልኬ ለቁልፌም ማኅደር እንዲሰፉለት ለመንኳቸው። እሳቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ግን እጃቸው እምቢ አላላቸውም። ቅርጹ እንዳይላላ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጠው የቁልፉን ራስ ዙሪያውን አለበሱት፣ በላዩ ላይ ቀይ ቆዳ ሰፉ፣ መስቀል ተኮሱበት፣ ማንገቻም አበጁለት። የቀረው የብረቱ አንገት ብቻ ነው። ቁልፉ ቤተ ልሔም ሲሰነብት መኪናዋ ግቢዬ ቆማ ሰነበተች፤ ተሰፍቶ የደረሰኝም በጉዞው ዋዜማ ነው። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ዋልኩ። ሚስቴ ቅኔ ቤት ልትገባ ነው ወይ አለችኝ።

አባቴ ከዋዜማው ጀምሮ እኔ ቤት ነበሩ። ሲነጋ ታጥበው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው በር ላይ ተቀመጡ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሕመምተኞቹ ሚኒባስ በደጃችን ሲያልፍ ሹፌሩ ቆመና ተጠጋግተን አባባን እንውሰዳቸው እንዴ አለ። ከውስጥ የአያ ተገኘ ድምፅ አባቴን በስማቸው ጠራቸው። እኔ በእጄ እለፉ እለፉ አልኩ። ማኅደሩ ደረቴ ላይ ነበር።

አባቴን ከፊት ወንበር አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩላቸውና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ እህ እህ አለ፣ ያዝ አደረገ፣ ጠፋ። እንደገና አዞርኩ፤ እንደገና ያዝ አደረገና ጠፋ። ከመሪው ጎን የቁልፍ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ስድስት ጊዜ ያህል ከሞከርኩ በኋላ አባቴ እጃቸውን ዘረጉና ቁልፉን አምጣው አሉኝ። ሰጠኋቸው። ገብስ እንደሚዳስሱት ዳሰሱት፤ በጥፍራቸውም መታ መታ አደረጉት።

"መጨረሻ ጊዜ ተነሥታልህ ነበር?"

"ምንም ሳትለኝ ነው የተነሣችው አባዬ።"

"ከዚያ ወዲህ ምን ጨመርክባት?"

"ምንም።"

"ይኼ ውስጡ ያለው ቆርቆሮ ድሮም ነበር? ያልነበረ ከሆነ አውልቀውና ሞክራት። በቅሎም ብትሆን አዲስ ነገር ካለበሷት ደኅና ነበረች።"

እኔ፣ አሥራ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው፣ የመለስኩትን ልንገራችሁ። "እሱ ጌጥ ነው አባዬ። እርስዎ ስለማያዩት ነው እንጂ በጣም ያምራል" አልኳቸው። ቁልፉን መለሱልኝና እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

ከዚያ በኋላ መካሪ በረከተ። መጀመሪያ የደረሰው የሰፈራችን ባለባጃጅ ነው። ቆማ ስለሰነበተች ባትሪዋ ደክሟል አለ፤ ከአንድ የጭነት መኪና ባትሪ በሽቦ አገናኘን። አሁን እህ እህ ማለቷ በረታ፤ መጥፋቷም እንዲሁ በረታ። ቀጥሎ የመጣው ሰው ነዳጁን አሽትቶ ውኃ ተቀላቅሎበታል አለና በላስቲክ ጠርሙስ የያዘውን ጨመረበት። ሌላው ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ ገብታለች፣ ድሮም በየቀኑ ስታስጮኻት የሰማ ሁሉ ሲመኛት ነበር አለኝ። ቀይዋን መብራት ያየም ነበር፤ አምፖሉ ተበላሽቷል ነቅለን እንጣለው ወይ ብሎ ጠየቀ።

በዚህ መሃል አንድ ሚኒባስ "ደብረ ታቦር ሁለት ሰው!" እያለ ከፊታችን ቆመ። ሁለት ሰው ማለት እኔና አባቴ ነን። አባቴ በሩን በዳበሳ ከፍተው ዱላቸውን መሬት አስነክተው ነበር። ባለባጃጁ ግን በዚያችው ቅጽበት "አገኘሁት!" አለ። ያገኘው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ አባዬ ይቀመጡ አሁን ትነሣለች አልኩና በሩን መልሼ ዘጋሁባቸው። ሚኒባሱ ሄደ። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ የዚያን በር መያዣ ይዞ የቆመ ይመስለኛል፤ በራሴ ላይ የምፈርደው በሌላው ሳይሆን በዚህ ነው።

ከዚያ እንግፋት ተባለ። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፤ አውቶማቲክ በግፊት እንደማይነሣ አውቃለሁ። ነገር ግን አሥር ሰው ጋቢውን አጣፍቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከኋላ ተሰልፎ እያለ "አትግፉ" ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። ሰው ሊረዳህ ከተነሣ መረዳት ግዴታህ ነው። ስለዚህ ገፏት፤ አባቴም ከፊት ወንበር እንደ ሙሽራ ተቀምጠው ቁልቁለቱን ወረዱ። የቆምነው ገበያው ጥግ ነው። ቀኑ የገበያ ቀን መሆኑን የዚያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

እዚያ ስንደርስ አንዱ ባትሪውን ነቅለህ ብትመልሰው ሁሉን ነገር ትረሳዋለች አለ። ነቀልነው፤ መለስነው። እውነትም ሁሉን ነገር ረሳች፤ ያልረሳችው መጮኽ ብቻ ነበር። ያቺ ባልደረቦቼን ያሰለቸሁባት ጩኸት በገበያው መካከል ፈነዳች። ድንች የተጫኑ አህዮች ጭነታቸውን እየጣሉ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ባለ ድንቾቹ አህያቸውን ትተው እኔን ይረግሙ ጀመር። መርገማቸውን ግን አልሰማሁትም፤ ጩኸቱ ጋርዶልኛል። በሕይወቴ ያቺ መኪና ያደረገችልኝ ብቸኛው ውለታ ይኸው ነው።

ጩኸቱን ሰምቶ ፖሊስ መጣ። መኪናዋ የማን ናት አለ። የኔ ናት አልኩ። ሊብሬ አምጣ አለ። ሊብሬው ገና በሻጩ ስም ነው፤ የስም ዝውውሩን ዛሬ ነገ እያልኩ አቆይቼዋለሁ። ፖሊሱ ሊብሬውን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን አየ። ከዚያ ምስክር ጠየቀ። ባለባጃጁ ቀደም ብሎ ወጣና መምህሩን እንደሚያውቃቸው፣ መኪናዋንም እንደሚያውቃት፣ መኪናዋ የእሳቸው ስለመሆኗ ግን ከእሳቸው አፍ እንጂ ከሌላ እንዳልሰማ መሰከረ። ፖሊሱ እውነቱን ለመናገር ቅን ሰው ነበር። ቀይዋን መብራት እያየ "እሺ፣ ሰው ሁሉ ያውቅዎታል፤ መኪናዋ ግን አላውቃቸውም እያለች ነው" አለኝ። ጩኸቱን ለማቆም ባለባጃጁ የጥሩምባዋን ሽቦ ቆረጠው።

ሰዓቱ ወደ አምስት ተጠግቷል። አሁን ክብሬ ወልቆ፣ አንገቴ ላይ ማኅደሩ ብቻ ቀርቶ ሚኒባስ ፍለጋ ሮጥኩ። የገበያ ቀን ነው፤ ሁሉም ሞልቶ ይገባል እንጂ የሚወጣ የለም። አንዱን ሹፌር ለመንኩት፤ ሰው ሳልጭን ባዶዬን አልሄድም፣ ገበያተኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ እወስድሃለሁ አለኝ። ስመለስ አባቴ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሰዓቱን አልጠየቁኝም። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነበር፤ በሙቀቱ ያውቁታል።

ያን ጊዜ ኑሩ መጣ። ኑሩ ገበያው ጥግ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን፣ ዕድሜው ከእኔ ከፍ የሚል ነጋዴ ነው፤ በዚያን ቀን ከመካነ ኢየሱስ ዕቃ ይዞ ሲመለስ አርፍዶ ሱቁን ገና መክፈቱ ነበር። ሰዉን ከፈል ከፈል አድርጎ ገባ፣ ቀይዋን መብራት አየ፣ ባትሪም ነዳጅም አልነካም። ወደ እኔ ዞረና፣

"መምህር፣ መጨረሻ ከተነሣችልህ ወዲህ ምን ጨመርክባት?" አለኝ።

ወደ አባቴ ዞር አልኩ። አባቴ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ነበር፤ ማየት ከተባለ። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠሁት።

ኑሩ ምላጭ አስመጣና ስፌቱን ይቀድ ጀመር። ዳዊትን የልጅ ልጅ እስኪያነበው እንዲያቆይ የሚሰፋ ስፌት ነው፤ በዋዛ አይለቅም። ቆዳው ተቀደደ፣ ከሥሩም ቆርቆሮው ወጣ፤ የዘይቱ የሱፍ አበባ ሥዕል እንኳ አልደበዘዘም። የተራቆተውን ቁልፍ አስገብቶ አዞረው። ቀይዋ መብራት ጠፋች፤ ሞተሩም ተነሣ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ኑሩ ለእኔ ያስረዳኝ ጀመር፦ እዚህ ውስጥ ያለችው ነገር መኪናዋን በሞገድ ነው የምታነጋግራት፤ በብረት ከጋረድካት ሞገዱ አያልፍም አለኝ። ብረት የሬዲዮ ሞገድ እንደሚጋርድ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምራለሁ። ፈተና ላይ ይህን የተሳሳተ ተማሪ ከእኔ እጅ አንዲት ነጥብ አያገኝም። ሰዉ ኑሩን አመሰገነ፣ ዐዋቂ ማለት እንዲህ ነው ተባለ። ማንም ወደ ፊት ወንበር አላየም።

አባቴ ነግሬህ ነበር ቢሉኝ ምንኛ በወደድኩ። "ተነሣች? እሰይ። በል እንሂድ" ነው ያሉት።

ሄድን። እንዴት እንደሄድን አትጠይቁኝ። የጥሩምባዋ ሽቦ ተቆርጧል፤ መንገዱን የሞላውን በግና ገበያተኛ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ በአፌ ነበር የምጠርገው። ክምር ድንጋይ ከተማን ስናልፍ ድምፄ ተዘጋ። ይኼኔ አባቴ የሳቸውን መስኮት አስከፈቱኝና እኔ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር "ዞር በል! ዞር በይ!" ማለት ጀመሩ። ማን ከፊታችን እንዳለ ሳያዩ፣ ለበጉም ለሰዉም እኩል ይጮኹ ነበር። በዚያ ቀን የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ዕቃው በሳጥን ታሽጎ መኪና ላይ እየተጫነ ነበር። አንዲት ነርስ አዘነችልንና አባቴን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ በትንሽ ባትሪ ዓይናቸውን አየች። የበሰለ ሞራ ነው፣ ችግር የለውም፣ የሚወጣ ነው፣ ጠዋት ቢደርሱ ኖሮ አልቆ ነበር አለችኝ። እያጽናናችኝ መሆኑ ነው። አንድ ሰዓት ዘገያችሁ ብቻ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ወንበር ርቀው አያ ተገኘ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታሽጎ ተቀምጠዋል፤ ነገ ሲፈታ ያያሉ ተባለ።

አባቴ ድምፃቸውን ሰምተው ተገኘ ተሠራ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተሠሩ አልኳቸው።

"እግዜር ይመስገን። ወንበሯ ባዶዋን አልሄደችም" አሉ።

ስንመለስ አለቀስኩ። አባቴ እንደማያዩኝ አውቄ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ ከክምር ድንጋይ እስከ ቤቴ አለቀስኩ። አፍንጫዬን ስስብ ሰሙኝና መስኮቱን ዝጋው፣ ብርድ መትቶሃል አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሞቹ አልመጡም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እየደወልኩ አሰልችቻታለሁ፤ አሁን ስልኩን ስታነሣ ሰላምታ ሳትሰጠኝ "ገና ነው" ትላለች። ባሕር ዳር ልውሰድዎት ብዬም ለመንኳቸው። አንዴ ቀጠሮ ይዘን መንገዱ ተዘጋ፤ አንዴ መንገዱ ተከፍቶ ቀጠሮው ራቀ። በመጨረሻም እሳቸው ተወው፣ ተራዬ ሲደርስ እሄዳለሁ አሉ። መኪናዋ እንደሆነች ያችን ቀን ብቻ መርጣ የከዳችኝ ይመስል ዛሬ ገና ስነካት ትነሣለች።

ባለፈው እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ላደርሳቸው ብዬ ወደ ቀበሌያቸው ነዳሁ። ከአጥሩ ሲወጡ አገኘኋቸው። አያ ተገኘ ከፊት ናቸው፤ የዱላውን ጫፍ ይዘው፣ እዚህ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ዝቅ በል እያሉ ይመሯቸዋል። መንገድ ላይ የሚያገኙትንም ሰው ገና ከሩቅ ይኼ እገሌ ነው እያሉ ይነግሯቸዋል። አያ ተገኘ አዩኝና ለአባቴ ልጅህ ነው አሏቸው። በሩን ከፍቼ ይግቡ አባዬ፣ ሁለታችሁንም ላድርሳችሁ አልኩ።

አባቴ ወደ ሞተሩ ድምፅ ዞሩ፤ ፈገግ ብለው ነበር።

"እኛ ቀስ ብለን እንደርሳለን፤ ተገኘ ያይልኛል። አንተ መኪናዋን እንዳታጠፋት ልጄ፤ ኋላ እምቢ ትልሃለች።"